የጥበብ መምህር እንዴት ይሠለጥናል?

የክወናና የእይታ ጥበባት ትምህርት ሙዚቃን፣ ሥዕልን፣ ውዝዋዜንና ድራማን በአንድ ላይ ይይዛል። አንድ መምህር አራቱንም እኩል ሊካንባቸው አይችልም። ስለዚህ የሥልጠናው ዓላማ ባለሙያ ከያኒ ማፍራት ሳይሆን፣ ጥበብን ለልጆች ማስተማር የሚችል ሰው ማዘጋጀት ነው።

የሙዚቃው ክፍል ጥሩ ማሳያ ነው። ሠልጣኙ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የሚባሉትን አራት ቅኝቶች በስም ማጥናቱ ብቻውን አይጠቅመውም። ክራሩን ከትዝታ ወደ ባቲ ራሱ መቃኘት፣ የተዛነፈውን ክር በጆሮው መለየት፣ ከዚያም በአንድ ክራር ብዙ ተማሪ ማስተማር አለበት። ተራ የሚጠብቁት ልጆች ምቱን በጭብጨባ ይይዛሉ፤ ዜማውን ያንጎራጉራሉ። ይህ ዘዴ የሚለመደው በተግባር ልምምድ እንጂ በንድፈ ሐሳብ አይደለም።

ለሥዕል ውድ ቀለም የግድ አይደለም፤ ከሰልና የሸክላ አፈር ይበቃሉ።

የትምህርቱ የባህል ይዘት ደግሞ ከአካባቢው ሊነጠል አይገባም። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 የመዘገበውን የሲዳማን ፍቼ ጫምባላላ፣ በ2016 የመዘገበውን የገዳ ሥርዓት ከመጽሐፍ ብቻ ማስተማር ጎደሎ ነው። ሠልጣኙ አዋቂ ሽማግሌዎችን ጠይቆ መመዝገብንና ወደ ክፍል መጋበዝን መማር ይኖርበታል።

ምዘናውም ጥንቃቄ ይሻል። የልጁ ሥዕል ከመምህሩ ሥዕል ጋር መመሳሰሉ የውጤት መለኪያ መሆን የለበትም።

የቅዱስ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትና የአለ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ባለሙያ ያፈራሉ። የአንደኛ ደረጃ መምህራን ግን በብዛት የሚወጡት ከመምህራን ትምህርት ኮሌጆች ስለሆነ፣ ክራሩም ከበሮውም በቅድሚያ መድረስ ያለበት እዚያ ነው።