የእንሰት እንቁራሪትን በአካላዊ ምልክቶቿ የመለያ ዘዴ

በኢትዮጵያ ከሚኖሩ የእንቁራሪትና የጉርጥ ዝርያዎች መካከል ከሲሶ በላይ የሚሆኑት በሌላ ሀገር አይገኙም። ከእነዚህ አንዷ በሳይንሳዊ ስሟ አፍሪክሳለስ ኢንሴቲኮላ የምትባለው ትንሽ እንቁራሪት ናት። በ1974 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ ስትተዋወቅ «የእንሰት ነዋሪ» የሚል ትርጉም ያለው ስያሜ ተሰጥቷታል። የምትኖረውም በስምጥ ሸለቆ ግራና ቀኝ በሚገኙ የደቡብ ኢትዮጵያ ደጋማ ሥፍራዎች ነው።

ይህችን ዝርያ በቀለሟ ብቻ ለመለየት መሞከር ለስሕተት ይዳርጋል። የትናንሽ የቅጠል ላይ እንቁራሪቶች ቀለም በቀንና በሌሊት፣ በዕድሜና በጾታ ይለዋወጣልና። ስለሆነም ምልከታው የሚከተለውን ቅደም ተከተል እንዲይዝ ይመከራል።

የዓይን ብሌን፦ የአፍሪክሳለስ ወገን ብሌን በብርሃን ሲታይ ከላይ ወደ ታች የቆመ ስንጥቅ ይመስላል። በሸምበቆና በሣር ላይ በብዛት የሚታየው የሃይፐሮሊየስ ወገን ብሌን ግን አግድም የተጋደመ ነው። በጨለማ ብሌኑ ስለሚሰፋ ቅርጹን ለመለየት ያስቸግራል።

የአካል መጠን፦ የአፍሪክሳለስ ወገን እንቁራሪቶች በአብዛኛው ከ4 ሴንቲሜትር አይበልጡም። የሌፕቶፔሊስ ወገንም ቀጥ ያለ ብሌን አለው፤ ሙሉ ዕድገት ላይ ሲደርስ ግን በአካል ይገዝፋል። ያላደገ የሌፕቶፔሊስ ግልገል ሊያሳስት ስለሚችል በመጠን ብቻ መወሰን አይገባም።

የእንቁላል አጣጣል፦ ብዙዎቹ የአፍሪክሳለስ ዝርያዎች እንቁላላቸውን በቅጠል ላይ ጥለው ቅጠሉን በማጠፍ ጠርዙን ያጣብቃሉ። በውኃ ዳር የታጠፈና የተጣበቀ ቅጠል ማግኘት ጠቃሚ ፍንጭ ነው።

እነዚህ ምልክቶች ወገኑን እንጂ ዝርያውን አያረጋግጡም። በደቡብ ምዕራብ ደኖች የቅርብ ዘመዷ አፍሪክሳለስ ክላርኪም ይኖራል። በመሆኑም ጀርባውን፣ ጎኑንና ዓይኑን በግልጽ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ከቦታውና ከቀኑ ጋር ለባለሙያ ማቅረብ ያስፈልጋል።

እንስሳዋን በእጅ መያዝ አይመከርም። የእንቁራሪቶችን ቆዳ የሚያጠቃው ኪትሪድ የተሰኘ ፈንገስ በኢትዮጵያም መኖሩ ስለተረጋገጠ፣ ከአንድ ረግረግ ወደ ሌላው ከመሻገር አስቀድሞ ጫማን ከጭቃ አጽድቶ ማድረቅ ተገቢ ነው።

በጠባብ ክልል የተወሰነችን ዝርያ በየቦታው ከሚገኝ ዝርያ ጋር ማምታታት ቀላል ስሕተት አይደለም። መኖሪያዋ የሆነው ረግረግ ሲጠነፈፍ ወይም ደኑ ሲመነጠር፣ የጠፋው ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ይቀራል።