የኬክሮሱ መስመር ለምን ይርገበገባል?

ለጂኦግራፊ የማስተማር ልምምድ የስሜንን ካርታ በኮምፒዩተር ሠርተን ነበር። ዳባት፣ ደባርቅ፣ ራስ ዳሸን ሁሉም በየቦታቸው ናቸው። በኮምፒዩተሩ ላይ ጥርት ብሎ የታየው ካርታ ከኋላው ትልቅ በሆነው አሮጌ ቴሌቪዥን ሲታይ ግን፣ በዳባትና በደባርቅ መካከል የሚያልፈው የ13 ዲግሪ ኬክሮስ መስመር ይርገበገብ ጀመር። የ38 ዲግሪው ኬንትሮስ ግን ንቅንቅ አላለም። ተማሪዎቹም ካርታውን ትተው ዓይናቸውን ማሸት ያዙ። ታዲያ ምክንያቱ ምንድን ነው?

ሀገራችን ስትጠቀምበት የቆየው የቴሌቪዥን ሥርዓት አንዱን ምስል በ625 አግድም መስመሮች ይከፍለዋል። መስመሮቹ በተርታ አይሳሉም። ጨረሩ መጀመሪያ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸውን፣ ቀጥሎ ተጋማሾቹን ይስላል። እያንዳንዱ ግማሽ ዙር 1/50 ሴኮንድ ይፈጃል። በካሜራ በተነሣ ተራራ ወይም የገብስ ማሳ ላይ ጎረቤታሞች መስመሮች ስለሚመሳሰሉ አንዱ ሲደበዝዝ ሌላው ይተካዋል።

የኛ ኬክሮስ ግን ውፍረቱ አንድ መስመር ብቻ ነበር። የሚተካው ስለሌለ በሴኮንድ 25 ጊዜ ብቻ ይበራል፤ ይህንንም ዓይን ይለየዋል። ኬንትሮሱ ሁሉንም መስመሮች ቁልቁል ስለሚያቋርጥ በሁለቱም ዙር ይበራል። የኮምፒዩተር ስክሪን ደግሞ መስመሮቹን ሁሉ በአንድ ዙር ስለሚያሳይ ጉድለቱን ይደብቅብናል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም።

1ኛ/ አግድም መስመርን ቢያንስ የሁለት መስመር ውፍረት መስጠት። እኛም ይህን ስናደርግ ኬክሮሱ ረጋ።

2ኛ/ በጥቁር ላይ ደማቅ ነጭ ከማድረግ ይልቅ በጥቁር ሰማያዊ ላይ ፈዘዝ ያለ ቀለም መምረጥ።

3ኛ/ ፕሮግራሙ የሚፈቅድ ከሆነ፣ የመስመሩን ብርሃን ግማሹን ለራሱ አስቀርቶ ሩብ ሩቡን ለላይኛውና ለታችኛው ማካፈል። ይህ ግን ጥቃቅን ጽሑፍን ስለሚያደበዝዝ ፊደሉን ማተለቅ ያስፈልጋል።

4ኛ/ ከክፍል በፊት በራሱ በቴሌቪዥኑ ላይ መሞከር።

አዳዲሶቹ ጠፍጣፋ ስክሪኖች ሁለቱን ግማሾች አዋሕደው ስለሚያሳዩ ችግሩን ይቀንሱታል። ነገር ግን የምንመደብበት ትምህርት ቤት ምን ዓይነት ቴሌቪዥን እንዳለው ማን ያውቃል? በ1990ዎቹ መጨረሻ የ«ፕላዝማ» ትምህርት በሳተላይት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲገባ መምህሩ የመጣውን ከማሳየት በቀር ሊያርመው አይችልም ነበር። አሁን ግን ሥዕሉን የምንሠራው እኛው ነን። ስለሆነም ከኋላ ወንበር ለተቀመጠው ልጅ ዓይን ተጠያቂዎቹም እኛው ነን።