በሰው ሜዳ እንግዳ መቀበል

በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. የካይሮው አል አህሊ አዲስ አበባ ላይ 1 ለ 0 ተሸንፎ ወጣ። ያሸነፈው ቅዱስ ጊዮርጊስ ወይም ኢትዮጵያ ቡና ቢሆን ብዙም ባልደነቀ፤ አሸናፊው ግን ፕሪሚየር ሊጉን ከተቀላቀለ ገና ሁለተኛ ዓመቱን የያዘው ጅማ አባ ጅፋር ነበር። ያም ሆኖ ወደ ቀጣዩ ዙር ያለፈው ተሸናፊው አህሊ ነው። የጅማው ክለብ «በሜዳዬ» ያለውን ይህን ጨዋታ ያደረገውም ከከተማው 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ነው። የአህጉር ክለቦች ውድድር እንዲህ ያለ ነገር ያሳያል።

ክለቡ ስሙን የወሰደው እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን ከገዙት ከዳግማዊ አባ ጅፋር ነው። ቤተ መንግሥታቸው ጅሬን ኮረብታ ላይ እስከ ዛሬ ቆሟል። ገበያው ግን ታች ሄርማታ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ቡናው፣ ማሩ፣ ዝባዱ፣ የዝሆን ጥርሱ፣ ሊሸሸግ የማይገባው ደግሞ ባሪያውም ጭምር እዚያ ይሸጥ ይለወጥ ነበር። የዛሬዋ ጅማም በዚያ ገበያ ዙሪያ አደገች፤ ስሙም በሄርማታ መርካቶና በሄርማታ መንቲና ቀበሌዎች ላይ ቀርቷል። ከሩቅ አገር ነጋዴ ጋር መደራደር ለዚህ ሰፈር አዲስ ነገር አይደለም።

በእግር ኳስ ግን ከተማዋ ዘግይታ ነው የደረሰችው። መጀመሪያ ፕሪሚየር ሊግ የገባው ሌላው የጅማ ክለብ አባ ቡና ነው፤ አንድ ዓመት ቆይቶ በ2009 ወረደ። በዚያው ዓመት የከተማው ክለብ አደገና አባ ጅፋር የሚለውን ስም ይዞ መጣ። እንግዳ ነውና በሊጉ መቆየቱ ራሱ ይበቃው ነበር። እሱ ግን በ2010፣ በአሠልጣኝ ገብረመድህን ኃይሌ እየተመራና በናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢ ግቦች እየታገዘ፣ ዋንጫውን አነሳ። አራት ተከታታይ ዓመት ሻምፒዮን ከነበረው ቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር በእኩል ነጥብ ጨርሶ የበለጠው በግብ ልዩነት ብቻ ነው። በነገራችን ላይ ገብረመድህን በማግሥቱ ዓመት መቐለ 70 እንደርታን ይዞ እንደገና ሻምፒዮን ሆኗል፤ በሁለት ዓመት ሁለት ክለብ ሻምፒዮን ማድረግ ሊነገርለት የሚገባውን ያህል የተነገረለት አይመስለኝም።

የአገሩን ሊግ ያሸነፈ ክለብ የካፍ ቻምፒየንስ ሊግ በር ይከፈትለታል። በሩ ግን ለሁሉም እኩል አይከፈትም። ካፍ ክለቦችን የሚመዝነው ባለፉት ዓመታት በአህጉሩ ባስመዘገቡት ውጤት ነው። ታላላቆቹ አንድ ዙር ቆይተው ሲገቡ፣ አዲሶቹ ከቅድመ ማጣሪያ ይጀምራሉ። አባ ጅፋርም ከጅቡቲ ቴሌኮም ጋር ተደለደለ፤ ጅቡቲ ላይ 3 ለ 1 አሸንፎ፣ በመልሱ 2 ለ 2 ወጥቶ አለፈ። ቀጣዩ ተጋጣሚው አል አህሊ ሆነ። አህሊ ከጥቂት ሳምንታት በፊት በፍጻሜው ዋንጫውን ለቱኒዙ ኤስፔራንስ አስረክቦ ነበርና ተቆጥቶ የሚመጣ ቡድን ነበር።

የደርሶ መልስ ጨዋታ ሂሳብ ነው። ሁለቱ ክለቦች አንድ አንድ ጊዜ ይጋበዛሉ፣ ግቦቹ ይደመራሉ። ድምሩ እኩል ከሆነ በዚያ ጊዜ ደንብ መሠረት ከሜዳው ውጪ ብዙ ያገባው ያልፋል፤ እሱም እኩል ከሆነ ያለ ጭማሪ ሰዓት በቀጥታ ወደ መለያ ምት ይኬዳል። አህሊ ግብፅ ላይ 2 ለ 0 አሸነፈ። ስለዚህ አባ ጅፋር አዲስ አበባ ላይ ሁለት አግብቶ ምንም ካልገባበት መለያ ምት ይጠብቀዋል፤ አንድ ከተቆጠረበት ግን አራት ማግባት አለበት። ለዚህ ነው እንዲህ ባለ ጨዋታ እንግዳው ጎል አካባቢ በደረሰ ቁጥር ስታዲየሙ ትንፋሹን የሚውጠው። የጅማው ክለብ አንዱን አገባ፣ መረቡንም አላስደፈረም። ሁለተኛው ግን አልመጣም፤ ድምሩ 2 ለ 1 ሆነ። በዚያ ጊዜ በዚህ ዙር የወደቀ ክለብ ወደ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ይወርድ ነበርና አባ ጅፋርም ወረደ፤ እዚያም የሞሮኮው ሀሳኒያ አጋዲር አሰናበተው።

«በሜዳዬ» የሚለውን ነገር ግን ሳንመለከተው አንለፍ። ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ እንግዳ የሚፈራው ከፍታውን ነው፤ ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ጅማ ግን ወደ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። ስለዚህ የአየሩ መሳሳት ባለሜዳ የተባለውንም ሳይነካው አይቀርም። ደጋፊውስ? ከሄርማታ ተነስቶ በሰቆሩ፣ በጊቤ በረሃ፣ በወልቂጤና በወሊሶ አድርጎ ነው «ቤቱ» የሚደርሰው።

እንግዳን ከራስ ከተማ ርቆ መቀበል የድሃ አገር ችግር ብቻ አይደለም። ጣሊያን ውስጥ ከጀኖዋ አጠገብ ሬኮ የምትባል አሥር ሺህ ገደማ ነዋሪ ያላት የባሕር ዳር ከተማ አለች። ክለቧ ፕሮ ሬኮ በውሃ ፖሎ የአውሮፓን ዋንጫ 11 ጊዜ ወስዷል፤ ይህን ያህል የወሰደ ሌላ ክለብ የለም። ውሃ ፖሎ በገንዳ ውስጥ በሰባት ሰባት ተጫዋች የሚደረግ የኳስ ጨዋታ ነው፤ ስምንት ስምንት ደቂቃ በሆኑ አራት ክፍሎች ይካሄዳል። ተጫዋቹ የገንዳውን ወለል መርገጥ አይፈቀድለትም። ኳሱን በሁለት እጅ መያዝ የሚችለውም በረኛው ብቻ ነው። ሙሉውን ጊዜ በእግሩ ውሃውን እየቀዘፈ፣ ከታች እየተጎተተና እየተረገጠ ነው የሚጫወተው፤ ዳኛው የሚያየው ከውሃው በላይ ያለውን ነውና። ፕሮ ሬኮ የመጀመሪያውን የአውሮፓ ዋንጫ ያነሳው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው፤ በዚያው ዓመት የድሬዳዋው ጥጥ ፋብሪካ ክለብ አክራ ላይ በመጀመሪያው የአፍሪካ ሻምፒዮኖች ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ተጫውቶ በማሊው ስታድ ማሊየን ተሸንፏል።

ሬኮም የአውሮፓ እንግዶቹን ብዙ ጊዜ የተቀበለው በራሱ ገንዳ ሳይሆን ጎረቤት ከተሞች ሄዶ ነው። በአውሮፓ ውሃ ፖሎ ደግሞ የውድድር ዓመቱ መጨረሻ ደርሶ መልስ የለውም፤ ያለፉት ክለቦች አንድ ከተማ ይሰበሰቡና በጥቂት ቀናት ውስጥ ይለይላቸዋል። ፕሮ ሬኮ እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2023 ሦስቱንም ዋንጫዎች ያነሳው ቤልግሬድ ላይ ነው፤ ሁለቱን ጊዜ በፍጻሜው የረታውም የዚያችኑ ከተማ ክለብ ኖቪ ቤዮግራድን ነበር። የራስ ሜዳ የሚሰጠው ጉልበት የቱን ያህል እንደሆነ ከዚህ ወዲያ እጠራጠራለሁ። ልዩነቱ ሬኮ ሀብታም ደጋፊ ባለቤቶች ነበሩት፤ የእኛ ከተማ ክለቦች በአብዛኛው የሚኖሩት በአስተዳደሩ በጀት ነው።

ጅማ ሜዳ አጥታም አይደለም። በ2013 ሊጉ በተመረጡ ከተሞች ሲካሄድ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም አንዱ አስተናጋጅ ነበር። ችግሩ የካፍ መመዘኛ ነው፤ የመብራቱ፣ የመልበሻ ክፍሉ፣ የሣሩ፣ የሚዲያ ቦታው ነገር። አባ ጅፋር በ2014 ከፕሪሚየር ሊጉ ሲወርድ ለእሱ ጥያቄው ለጊዜው ተዘጋ። ለሌሎቹ ግን ባሰ። ካፍ የኢትዮጵያን ስታዲየሞች በሙሉ ከለከለና አዲስ አበባም እንደ ጅማ ሆነች። በ2016 ቅዱስ ጊዮርጊስ ከአል አህሊ ጋር ሲደለደል የመልሱን ብቻ ሳይሆን «በሜዳው» የተባለውንም ጨዋታ ያደረገው ካይሮ ላይ ነው።