ግሱን አስፈልጓቸው

የልጅ ልጄ ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል ገባች። እንደ ብዙው የፃግብጂ ልጅ አፏን የፈታችው በኽምጣኛ ነው፤ አማርኛው ሁለተኛዋ፣ እንግሊዝኛው ሦስተኛዋ መሆኑ ነው። አሁን ደግሞ ባዮሎጂውም ጂኦግራፊውም በእንግሊዝኛ ሆነባት።

አንድ ማታ ደብተሯን ባይ «አይ ሚልክ ድራንክ» ብላ ጽፋለች። ይህ ስንፍና አይደለም። «እኔ ወተት ጠጣሁ» የሚለውን እንዳለ ገልብጣ ነው። በአማርኛም በኽምጣኛም ግስ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። እንግሊዝኛ ግን ባለቤቱን ካስቀደመ በኋላ ወዲያው ግሱን ያስከትላል፦ «አይ ድራንክ ሚልክ»። እንግሊዝኛ የማያውቅ አያትም ቢሆን «ማን? ምን አደረገ? ምንን?» እያለ በዚህ ቅደም ተከተል ሊያስነግራት ይችላል።

አፍራሹ ላይም ይሳሳታሉ። እኛ «አልጠጣሁም» ብለን ሁሉን በአንድ ቃል እንጨርሳለን። እነሱ «ዲድ ኖት»ን ከግሱ በፊት ያቆማሉ፤ ያኔ «ድራንክ» ተመልሶ «ድሪንክ» ይሆናል።

ትንሽ ቃል መዝለል ምን እንደሚያመጣ እኔ አውቃለሁ። አዲስ ነርስ ሳለሁ ማዘዣ ላይ «ኤቭሪ አዘር ደይ» የሚለውን «በየቀኑ» ብዬ አነበብኩት። ትርጉሙ ግን አንድ ቀን እየዘለሉ ማለት ነው። በሽተኛው ከበር ሳይወጣ ታላቄ ባይደርሱልኝ ኖሮ መድኃኒቱን እጥፍ ይወስድ ነበር።

«ደራሲው ምን ማለቱ ነው?» የሚለው ጥያቄ ደግሞ ሌላ ነው። ልጅቷ ከምንባቡ አንድ መስመር ገልብጣ ታስረክባለች። እኔም «‹ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው› ሲባል የሚወራው ስለ ውሃ ነው?» አልኳት።

«አይ እምዬ፣ ስለ አታላይ ሰው ነው» አለችኝ ሳቅ ብላ።

«በምን አወቅሽ?»

«‹እያሳሳቀ› ይላላ! ውሃ መቼ ሰው ያስቃል?»

ሰሙ ውሃው፣ ወርቁ ሰውየው። መምህሩም የሚፈልጉት ይህንኑ ነው፤ የተሰወረውን ነገርና ያመለከታትን ቃል። ከዚያ ወዲህ መልሷን አስቀድማ በኽምጣኛ ወይም በአማርኛ ትነግረኛለች፤ እንግሊዝኛውን ቀጥላ ትጽፈዋለች። አነባበቤን ግን እስካሁን ታርመኛለች።