ግራውንድ ላይ ያለው ሱቅ ለምን ቶሎ ቶሎ ይቀየራል?

አያት፣ ሰሚት፣ ጀሞ ወይም የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። አምና ጤፍ ቤት የነበረው ዘንድሮ የሞባይል መለዋወጫ መሸጫ ሆኗል። ፀጉር ቤቱ ፋርማሲ ሆኗል። ጎን ለጎን የነበሩት ሁለት ሱቆች ደግሞ በመሀል ያለው ግድግዳ ፈርሶ የባንክ ቅርንጫፍ ገብቶባቸዋል። ነዋሪው ወሬውን የሚሰማው አብዛኛውን ጊዜ መዝጊያው ላይ «የሚከራይ ሱቅ» የሚል ወረቀት ከተለጠፈ በኋላ ነው። ጉዳዩ ግን ያለቀው ከዚያ በፊት፣ የኪራይ ውል ሲታደስ ወይም ሳይታደስ ሲቀር ነው።

ነገሩን ለመረዳት ሱቆቹ መጀመሪያ እንዴት እንደተሸጡ ማስታወስ ይጠቅማል። የአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ፕሮግራም ከ1997 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ሲስፋፋ መኖሪያ ቤቶቹ በዕጣ፣ ግራውንድ ላይ ያሉት የንግድ ቤቶች ግን በጨረታ ነበር የሚተላለፉት። ዕጣ የወጣለት ሰው ከገበያ በታች በሆነ ዋጋ ቤት አገኘ። ሱቅ የፈለገው ግን ከብዙ ተጫራች ጋር ተወዳድሮ፣ ብዙ ጊዜም ከመነሻ ዋጋው እጅግ የራቀ ገንዘብ ከፍሎ ነው ያሸነፈው። ይህ ሆን ተብሎ የተደረገ ነበር፤ ከሱቆቹ የሚገኘው ገቢ የመኖሪያ ቤቶቹን ወጪ እንዲደጉም ታስቦ ነው። በውድ የገዛ ሰው ግን በርካሽ አያከራይም። የሱቁ ባለቤትም ብዙውን ጊዜ ሌላ ሰፈር የሚኖር፣ ሱቁን በደላላ በኩል የሚያከራይ ሰው ስለሆነ፣ ግቢው ውስጥ ዳቦ ቤት ኖረ አልኖረ በየቀኑ አይነካውም።

ሁለተኛው ምክንያት ሕጉ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ፣ ቁጥር 1320፣ ተከራይን በብዙ መንገድ ይጠብቃል። ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ያዛል። የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ክፍያው በባንክ ወይም በሌላ ሕጋዊ የኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲፈጸም ይላል። ጭማሪውም አከራዩ ሲያሻው የሚያደርገው ሳይሆን ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንዴ በሚያወጣው ልክ ነው። ይሁን እንጂ የአዋጁ ስም ራሱ «የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር» ይላል። ሱቅ መኖሪያ ቤት አይደለም። ስለዚህ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለው ተከራይ በአንድ ጊዜ እጥፍ ጨምር ቢባል የሚሄድበት ቢሮ አለው፤ ከሥሩ ያለው ባለሱቅ ግን ያለው መከላከያ የፈረመው ውል ብቻ ነው። የሱቅ ኪራይ የሚዳኘው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፤ ያ ሕግ ደግሞ ዋጋውን ለተዋዋዮቹ ስምምነት ይተወዋል።

የአንድ ዓመት ውል ያለው ባለሱቅ እንግዲህ በየዓመቱ አዲስ ድርድር ይጠብቀዋል። ድርድሩ ላይ የሚቀመጡት እሱና አከራዩ ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ ባልከፋ። ደላላው ግን በኪሱ ሌላ ስም ይዟል፤ ባንክ፣ ፋርማሲ ወይም ትልቅ ሱፐርማርኬት። ባንኮች የጥቂት ዓመታት ኪራይ በአንድ ጊዜ ቀድመው መክፈል ስለሚችሉ በየወሩ ከሚከፍል ባለሱቅ ጋር የሚያወዳድራቸው ነገር የለም። ለአከራዩ ያ ገንዘብ ሌላ ቦታ መሬት ወይም ቤት መግዣ ነው። ከሐምሌ 2016ቱ የውጭ ምንዛሪ ማሻሻያ በኋላ ደግሞ የዕቃ ዋጋ ሲጨምር የባለሱቁ መደርደሪያ እየሳሳ ሄዷል። በድሮው ገንዘብ ያንኑ ያህል ዘይትና ሳሙና መሙላት አይቻልምና።

አንድ ሱቅ ሲዘጋ ከሰፈሩ ምን እንደሚጎድል በቁጥር ብቻ አይታይም። የድሮውን ባለሱቅ ጠረጴዛ ሥር ብናይ ጥግ ጥጉ የተበላ የዱቤ ደብተር አለ። ገጾቹ ላይ ሙሉ ስም የለም፤ «የሄለን እናት፣ ብሎክ 14»፣ «ጋሽ ታዴ ዘበኛው»፣ «ሁለተኛ ፎቅ አስተማሪዋ» ነው የሚለው። ከሥሩ ግማሽ ኪሎ ስኳር፣ ግማሽ ሊትር ዘይት፣ የሕፃን ወተት፣ ሁለት ሻማ። ደመወዝ ሲገባ ይሰረዛል፤ ካልገባ ለሚቀጥለው ወር ይሻገራል። ይህን ማንም ባንክ አያበድርም፤ ሱፐርማርኬትም እንዲህ ያለ ደብተር አይከፍትም። ባለሱቁ ሲለቅ ደብተሩን ይዞት ይሄዳል። የሚመጣው ባለሱቅ ማን እንደሚከፍል ማን እንደሚያስቸግር አያውቅምና መጀመሪያ የሚለጥፈው «ዱቤ የለም» የሚል ወረቀት ነው። ወር መጨረሻ ላይ የሚቸገረው ጡረተኛና የቀን ሠራተኛ ነው። ለእኔ የዚህ ሁሉ ለውጥ ትልቁ ጉዳት ይህ ነው፤ የሚገባውን ያህልም ሲነሳ አልሰማም።

ሌላው የለውጥ መንገድ ከመኖሪያ ቤቶቹ የሚነሳ ነው። ግራውንድ ላይ መኖሪያ ቤት የደረሰው ሰው መስኮቱን አፍርሶ በር ያደርገዋል፤ ሳሎኑ የልብስ ስፌት፣ ቡና መጠጫ ወይም መዋዕለ ሕፃናት ይሆናል። አብዛኛው ሰው «ቤቱ የራሱ ነው፣ ምን አገባን» ይላል። እንዲያ አይደለም። የጋራ ሕንፃ ቤት አዋጅ፣ ቁጥር 370/1995፣ የግል የሆነውንና የጋራ የሆነውን ይለያል። ከበርዎ ወደ ውስጥ ያለው የእርስዎ ነው፤ የውጭ ግድግዳው፣ ደረጃው፣ ጣሪያው፣ ግቢው፣ ኮሪደሩ የሁሉም ባለቤቶች ነው። የውጭ ግድግዳ ላይ በር መክፈት የጋራ ንብረት መንካት ስለሆነ የቤት ባለቤቶቹ ማኅበር ስምምነት ያስፈልገዋል። የቤቱን አገልግሎት ከመኖሪያ ወደ ንግድ መቀየርም በሕንፃ ሕጉ ፈቃድ የሚጠየቅበት ነገር ነው። ሁለት ሱቅ ለማገናኘት ግድግዳ ሲፈርስም እንዲሁ። የብሎኬት ግድግዳ ብቻ ከሆነ ሕንፃውን ላይጎዳ ይችላል፤ ኮለን ወይም ቢም ከተነካ ግን ከላይ ያሉት ቤተሰቦች ሁሉ ጉዳይ ነው። ያንን የሚወስነው ባለሙያ እንጂ መዶሻ የያዘው ሠራተኛ መሆን የለበትም።

ኮሚናሉም አለ። ለእንጀራ መጋገሪያ፣ ለበግ ማረጃ፣ ለልብስ ማጠቢያ ተብሎ ከብሎኮቹ መሀል የተሠራው ቤት በብዙ ሳይት ለንግድ ተከራይቷል። አንዳንድ ማኅበር ይህን የሚያደርገው በቂ ምክንያት ኖሮት ነው፤ የጥበቃና የጽዳት ደመወዝ የሚከፈለው ከዚያ ገቢ ነው። ነገር ግን ለፋሲካ በግ የሚያርድ ሰው ደረጃ ሥር ሲያርድ፣ ከሰል በረንዳ ላይ ሲቀጣጠል፣ የተከራየው ቤት ለምን ተሠርቶ እንደነበር መጠየቅ ተገቢ ነው። ኪራዩ ስንት ነው፣ ውሉ መቼ ያልቃል፣ ገንዘቡ የት ገባ የሚለውን ማንኛውም ባለቤት ከማኅበሩ ሊጠይቅ ይገባል። ችግሩ ስብሰባ ሲጠራ የሚመጣው ሰው ጥቂት መሆኑ ነው። ብዙ ባለቤቶች ቤታቸውን አከራይተው ሌላ ቦታ ይኖራሉ፤ በየቀኑ ለውጡን የሚያዩት ተከራዮች ደግሞ የማኅበሩ አባል አይደሉም። በዚህ መሀል አምስትና ስድስት ሰው የተስማማበት ነገር የግቢው ውሳኔ ሆኖ ይወጣል። ባለቤቱ ራሱ መምጣት ካልቻለ ለተከራዩ ውክልና ጽፎ ቢሰጠው ብዙ ነገር ይቀየራል።

ሱቅ ለመከራየት ለሚያስብ ሰው ደግሞ ጥቂት ነገር ልጨምር። ግብር ለማሳነስ ሲባል ውሉ ላይ ዝቅተኛ ኪራይ ተጽፎ ቀሪው በእጅ እንዲከፈል አከራዩ ሊጠይቅ ይችላል። ይህን የሚቀበል ነጋዴ ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ ከወረቀቱ ውጭ የከፈለውን ለግብር ሰብሳቢው በወጪነት ማሳየት አይችልም፣ ጠብ ቢነሳም ፍርድ ቤት የሚያየው የተጻፈውን ነው። የውሉ ዘመን ባጠረ ቁጥር ለመደርደሪያ፣ ለቀለምና ለቆጣሪ ያወጣው ገንዘብ ሳይመለስ የመልቀቅ አደጋው ይጨምራል። ስለዚህ ከኪራዩ ዋጋ እኩል መደራደር ያለበት ስለ ዘመኑ ነው፤ ሦስት ወይም አራት ዓመት፣ ጭማሪው በየዓመቱ ስንት በመቶ እንደሚሆን ከወዲሁ ተጽፎ። አከራዩ ሱቁን ቢሸጠው ውሉ ምን እንደሚሆን፣ ውሉ ሲያልቅ ስንት ወር ቀድሞ ማስታወቅ እንዳለበት፣ ተከራዩ ያስገባውን ዕቃና የሠራውን ማሻሻያ ማን እንደሚወስድ፣ እነዚህ ሁሉ በጽሑፍ ይግቡ። ውሉ ሲፈረምም የአከራዩን ካርታ በዓይን ማየት፣ ፈራሚው ባለቤቱ ራሱ ካልሆነ ደግሞ ውክልናው ማከራየትን የሚፈቅድ መሆኑን አንብቦ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።