አደገኛ ኃይል ያላቸው ልጆች፤ ስለ አንድ የወጣቶች ልብ ወለድ ታሪክ

በአሜሪካ ለወጣቶች ተብለው ከሚታተሙት መጻሕፍት መካከል ብዙ አንባቢ ያገኘ አንድ ዐይነት ልብ ወለድ ታሪክ አለ። ይኸውም ገና ባልመጣ ዘመን መንግሥትና ኅብረተ ሰብ እጅግ ከፍተው፥ ሰው በሥርዐትና በጸጥታ ስም የሚጨቈንበትን ዓለም የሚያሳይ ነው። ፈረንጆች ይህን ዲስቶፒያ ይሉታል፤ የመልካሚቱ አገር ምኞት ተገልብጦ ሲታይ ማለት ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ከነዚሁ አንዱን፥ አሌክሳንድራ ብራከን የተባለች አሜሪካዊት ደራሲ በ2012 ያሳተመችውን «ዘ ዳርከስት ማይንድስ» የተባለውን መጽሐፍ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) መጽሐፉ በ2018 ወደ ሲኒማ ተለውጧል።

መጽሐፉ ለወጣቶች የተጻፈ ነው ብሎ የሚንቀው አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን። ነገር ግን የያዘው ጥያቄ የሕግና የፍልስፍና ተማሪ ሁሉ የሚገጥመው ጥያቄ ነው፤ አንድ ሰው ጉዳት ሊያደርስ ስለሚችል ብቻ፥ ጉዳት እንዳደረሰ ሆኖ ሊቈጠር ይገባልን?

የታሪኩ አካሄድ በአጭሩ እንደሚከተለው ነው። በአሜሪካ ሳይታሰብ አንድ በሽታ ተነሥቶ አብዛኞቹን ልጆች ይፈጃል። ከሞት የተረፉት ደግሞ ከዚያ በፊት ያልነበረ ኃይል ያድርባቸዋል። መንግሥትም «እናድናቸዋለን» ብሎ ከየወላጆቻቸው ወስዶ በካምፕ ያጉራቸዋል። ሩቢ የምትባለው ባለታሪክ በዐሥር ዓመቷ በዌስት ቨርጂንያ ወደሚገኝ ተርመንድ ወደሚባል ካምፕ ተወስዳ ስድስት ዓመት ትኖራለች። በመጨረሻም በሰው ርዳታ አምልጣ፥ እንደ እርሷው ከሸሹ ሦስት ልጆች ጋር በአንድ አሮጌ መኪና መጠጊያ ፍለጋ ትዞራለች።

በካምፑ ውስጥ ልጆቹ የሚለዩት በቀለም ነው። ትምህርትን ፈጥኖ የሚይዝና የማስታወስ ችሎታው እጅግ የላቀ ልጅ አረንጓዴ ይባላል። ዕቃን ሳይነካ የሚያንቀሳቅስ ሰማያዊ፥ የኤሌክትሪክን ኃይል የሚያዝ ቢጫ፥ እሳትን የሚያስነሣ ቀይ፥ በሰው አእምሮ ገብቶ ሐሳብን የሚለውጥ ብርቱካን ነው። ይህ አከፋፈል ከታሪኩ ጌጥ የበለጠ ሥራ አለው። ልጁ በቀለሙ ከተጠራ በኋላ ስሙ፥ ጠባዩ፥ የሠራውና ያልሠራው ነገር ሁሉ ዋጋ ያጣል። ጠባቂው ማወቅ የሚፈልገው ልጁ ምን እንዳደረገ ሳይሆን ምን ማድረግ እንደሚችል ብቻ ነው። የሚሰጠውም ቅጣት የሚመዘነው በዚሁ ነው፤ ቀዮቹና ብርቱካኖቹ ከሌሎቹ ተለይተው ከካምፑ ሲወሰዱ፥ ከመካከላቸው ማን ጥፋተኛ እንደ ሆነና ማን እንዳልሆነ የጠየቀ አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣል። ልጆቹ በእውነት አደገኞች ከሆኑ መንግሥት ቢፈራ ምን ያስወቅሰዋል? የመጽሐፉ ብርታት የሚታየው ደራሲዋ ይህን ተቃውሞ ባለመሸሽዋ ነው። ሩቢ አደገኛ ናት። በዐሥረኛው የልደት ቀኗ ዋዜማ ሳታስበው እናቷን ነክታ፥ ልጅ እንዳላት ከእናቷ ትዝታ ውስጥ ፈጽማ አጠፋችው፤ በማግስቱም እናቷ እንደ እንግዳ አየቻት። በካምፑም አንዲት ወዳጇን እንዲሁ እርሷን እንድትረሳ አድርጋታለች። ስለዚህ የሕዝቡ ፍርሃት ከምንም የመጣ አይደለም። ይሁን እንጂ የመንግሥቱ መድኀኒት ከበሽታው የባሰ ሆኗል። ሩቢ ብርቱካን መሆኗ ቢታወቅ እንደምትጠፋ ስለ ተረዳች፥ የመረመራትን ሐኪም አእምሮ ለውጣ አረንጓዴ ነኝ አሰኘች። ስለ ኃይሏ ለማንም መናገር ስለማትችልም በስድስት ዓመት ውስጥ ኃይሏን መቈጣጠር አልተማረችም። ልጅን ከአደጋ ለመጠበቅ ተብሎ የተሠራው ካምፕ አደጋውን ራሱ እንዳለ አቈየው ማለት ነው።

ደራሲዋ ነገሩን በይበልጥ ለማስረዳት ሁለት ብርቱካኖችን ጐን ለጐን አቁማለች። አንደኛዋ ሩቢ ስትሆን ሁለተኛው የፕሬዚዳንቱ ልጅ ክላንሲ ግሬይ ነው። ክላንሲ ከካምፕ ወጥቶ «ተፈውሷል» ተብሎ ለሕዝብ እንደ ምስክር የታየ ልጅ ነበር፤ በእውነቱ ግን የሰዎችን አእምሮ ይዞ ነጻነቱን ያገኘ ነው። ኋላም ለሸሹ ልጆች መጠጊያ አቋቁሞ እንደ አዳኝ ተቈጠረ፤ ነገር ግን ልጆቹን ለራሱ ምኞት መሣሪያ ያደርጋቸዋል። ሁለቱም አንድ ዐይነት ኃይል አላቸው፤ አንዷ ግን በኃይሏ ታፍራለች፥ ሁለተኛው ይመካበታል። ከዚህ የምንረዳው በቀለም መለየት ሊያውቀው የሚገባውን ዋና ነገር፥ ማለት የሰውን ፈቃድና ሕሊና፥ ፈጽሞ እንደማይነግር ነው።

ይህ ሐሳብ በአሜሪካ ታሪክ ውስጥ ምሳሌ የሌለው አይደለም። በ1942 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ባወጡት 9066ኛው ትእዛዝ መሠረት 120,000 ያህል የጃፓን ተወላጆች ከምዕራቡ የባሕር ጠረፍ ተነሥተው በካምፕ ተቀመጡ። ከሦስቱ ሁለቱ እጅ የአሜሪካ ዜጎች ነበሩ። በዚያን ጊዜ የጠረፉ አዛዥ የነበሩት ጄኔራል ዴዊት ያቀረቡት ክርክር የሚያስደንቅ ነው፤ እስካሁን አንዳች የክዳት ሥራ አለመሠራቱ ራሱ ወደ ፊት እንደሚሠራ ምልክት ነው አሉ። እንዲህ ያለ ክርክር ካለ ንጹሕ ሰው ንጹሕነቱን የሚያስረዳበት መንገድ የለውም። በ1983 ጉዳዩን የመረመረው ኮሚሲዮን ድርጊቱ በጦርነት አስፈላጊነት የሚደገፍ እንዳልነበረ ገልጿል፤ በ1988 ደግሞ መንግሥቱ ይቅርታ ጠይቆ በሕይወት ለተገኙት ለያንዳንዳቸው 20,000 ዶላር እንዲከፈል በሕግ ተወስኗል። የልብ ወለዱ ካምፕ ከዚህ ተቀድቷል አንልም፤ የሁለቱ አስተሳሰብ ግን አንድ ነው።

የብራከንን መጽሐፍ ከቀደመ ሥራ ጋር ማስተያየትም ይጠቅማል። እንግሊዛዊው ጆን ዊንደም በ1955 ባሳተመው «ዘ ክሪሳሊድስ» በተባለው መጽሐፍ፥ ከታላቅ ጥፋት በኋላ በላብራዶር የሚኖር አንድ ሕዝብ ከትክክለኛው መልክ ዝንፍ ያለውን ፍጥረት ሁሉ ያሳድዳል። ሶፊ የምትባል ሕፃን የምትሰደደው በእግሯ ስድስት ጣት ስላላት ብቻ ነው። ዴቪድና ጓደኞቹ ደግሞ ያለ ቃል በሐሳብ ስለሚነጋገሩ ይሸሻሉ። በመጨረሻ ግን ከሩቅ አገር የመጡ፥ እንደነርሱ በሐሳብ የሚነጋገሩ ሰዎች በሚበር መኪናቸው ደርሰው አሳዳጆቹን ይገድላሉ፤ አዲሱ ዘር አሮጌውን መተካቱ የተፈጥሮ ሕግ ነው ብለውም ያስረዳሉ። እንደኛ አስተያየት ይህ ፍጻሜ መጽሐፉ አስቀድሞ የነቀፈውን ነገር መልሶ ያመጣል፤ ጠንካራው ደካማውን በማንነቱ ሲያጠፋ እንደገና እናያለን። ብራከን በመጀመሪያው መጽሐፏ እንዲህ ያለ አዳኝ አላመጣችም። ሩቢ ሊያም የሚባለውን ወዳጇን ነጻ ለማውጣት ስትል በኃይሏ ሊጠቀምባት ወደሚፈልግ ማኅበር በፈቃዷ ትገባለች፤ እርሱ እንዳይከተላትም ራሷን ከትዝታው ታጠፋለች። ሳታውቅ በእናቷ ላይ ያደረሰችውን አሁን ዐውቃ ታደርገዋለች። ይህም ቢሆን ፈቃዱን ሳትጠይቅ ያደረገችው ነውና፥ ደግ ሥራ ነው ወይስ በደል ነው የሚለውን ደራሲዋ ለአንባቢው ትተዋለች።

መጽሐፉ ጉድለት የለውም አንልም። በሽታው እንዴት እንደ መጣ በዚህ ክፍል አልተገለጠም። የፍቅሩም ነገር አንዳንድ ጊዜ ዋናውን ጥያቄ ይሸፍነዋል። ልጆቻቸውን አሳልፈው የሰጡት ወላጆችም አሳብ ከዚህ ይልቅ ሊብራራ ይገባው ነበር፤ ያለ ወላጆች ዝምታ ካምፑ ሊቆም አይችልምና።

የሆነው ሆኖ፥ የመጽሐፉን ጥያቄ አንሥተን ብንመልስ እንዲህ የምንል ይመስለናል። ኅብረተ ሰብ ከአደጋ ራሱን የመጠበቅ መብት አለው፤ ነገር ግን ሕግ ሰውን ሊይዝ የሚገባው በሥራው እንጂ በችሎታው አይደለም። ችሎታ የሚፈልገው ትምህርትና አሳዳጊ ነው። ሩቢ ኃይሏን እንዴት እንደምትይዝ የሚያስተምራት ሰው ያገኘችው በመንግሥት ካምፕ ውስጥ ሳይሆን ከካምፕ ውጭ ነው፤ ያውም ያስተማራት ክላንሲ ነበር። በጎ አስተማሪ ሳይቀድም ሲቀር ክፉው ቦታውን እንደሚይዝ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ በመጽሐፉ ውስጥ አላገኘንም።