ወንዝ የገባ መድኃኒት ጀርሞችን እንዴት ያጠነክራል?

ሐኪም ያዘዘውን አሞክሳሲሊን የዋጠ ሰው፣ መድኃኒቱ ጀርሙን ገድሎ እዚያው ሰውነት ውስጥ ያለቀ ይመስለዋል። አላለቀም። አብዛኛው ሳይለወጥ በሽንት ይወጣል። ሲፕሮ (ሲፕሮፍሎክሳሲን) የሚባለው ሌላው አንቲባዮቲክም ከፊሉ እንዲሁ ነው። የፍሳሽ መስመር ባለበት በመስመሩ፣ በሌለበትም ሞልቶ ከሚፈስ ጉድጓድ እየተነሣ ወደ ወንዝ ይወርዳል። አንቲባዮቲክ የሚሰጣቸው ዶሮዎችና ከብቶች ኩስና እበትም የራሱን ድርሻ ይጨምራል። አሞክሳሲሊን ውኃ ውስጥ ቶሎ ይፈርሳል፤ ሲፕሮ ግን ከደለልና ከዝቃጭ ጋር ተጣብቆ ለረጅም ጊዜ ይቆያል።

በአብዛኞቹ ወንዞች ውስጥ የሚገኘው መጠን በጣም ትንሽ ነው። በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚሊግራም አንድ ሺህኛ እንኳ አይሞላም። “ይህች ምን ትጎዳለች?” የሚል ሰው አይፈረድበትም። ባለሙያዎችም ለብዙ ዓመታት ያሰቡት እንደዚያ ነበር፤ መድኃኒቱን የተላመዱ፣ ማለትም መድኃኒቱ የማይበግራቸው ጀርሞች የሚበዙት ሌሎቹን ሊያጠፋ በሚችል መጠን ሲገኝ ነው ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 የስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተላመዱና ያልተላመዱ ባክቴሪያዎችን በአንድ ዕቃ ውስጥ አብረው አሳደጉ። እድገትን ከሚያቆመው መጠን ከመቶ እጥፍ በላይ ባነሰ ሲፕሮፍሎክሳሲን ውስጥም የተላመዱት እየበዙ ሄዱ።

እንዴት? “ሰውነቴ መድኃኒቱን ለመደው” ሲባል እንሰማለን፤ የሚላመደው ግን ሰውነት ሳይሆን ጀርሙ ነው። ጀርሙም አስቦና ተምሮ አይደለም የሚላመደው። ባክቴሪያ ሲራባ የዘር መልእክቱን ይገለብጣል፤ ሲገለብጥም አልፎ አልፎ ይሳሳታል። ከስህተቶቹ አንዳንዶቹ ለባለቤታቸው ይጠቅማሉ። ከሌላ ባክቴሪያ የተገኘ ዘርም እንዲሁ ሊጠቅም ይችላል። ቴትራሳይክሊንን የተላመደች ባክቴሪያን ቀረብ ብለን ብንመለከት፣ ብዙ ጊዜ ሽፋኗ ላይ ጥቃቅን ፓምፖች እናገኛለን። መድኃኒቱ ይገባል፣ ፓምፑ መልሶ ያስወጣዋል። ፓምፑን መሥራትና ማንቀሳቀስ ግን ጉልበት ይጠይቃል። ስለዚህ ንጹሕ ውኃ ውስጥ ባለፓምፗ ከእኩዮቿ ትንሽ ወደኋላ ትቀራለች፤ ቁጥሯም አያድግም። መድኃኒት ያለበት ውኃ ውስጥ ነው ወጪዋ የሚካካሰው።

ሒሳቡን እናስላው። ከ20,000 ባክቴሪያዎች መካከል የተላመደችው አንዲት ብቻ ናት እንበል። ውኃው ውስጥ ያለው ጥቂት መድኃኒት ያልተላመዱትን አይገድላቸውም፤ እድገታቸውን ብቻ በጥቂቱ ያዘገየዋል። የተላመደችው በየትውልዱ በ1 በመቶ ብቻ ብትበልጣቸው፣ እንደ ባንክ ወለድ አንዱ በሌላው ላይ እየተደረበ ከ1,000 ትውልድ ገደማ በኋላ የሁለቱ ወገኖች ቁጥር እኩል ይሆናል። በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ ቢራቡ ይህ 500 ቀን ነው፤ አንድ ዓመት ተኩል አይሞላም። በመድኃኒቱ የሞተ አንድ ጀርም እንኳ ሳይኖር ማለት ነው። ውኃውን የሚመረምር ሰው መጠኑ “አይገድልም” ብሎ ቢያልፈው የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ጉዳዩን የሚያከብደው ደግሞ የመላመድ ዘር ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ መተላለፉ ነው። ፕላዝሚድ የሚባል የዘር ቀለበት አለ፤ ባክቴሪያዎች እርስ በርስ ሲገናኙ ይቀባበሉታል፤ ዝርያቸው የተለያየ ቢሆንም ይቻላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ጃፓን ውስጥ አራት መድኃኒቶችን በአንድ ጊዜ የተላመደ የተቅማጥ ጀርም ታየ። ምክንያቱ ሲፈለግ፣ አንጀት ውስጥ ከሚኖረው ኢ. ኮላይ ጋር የመላመድ ዘር እንደሚቀባበል ተደረሰበት። ስለዚህ ማንንም የማያሳምም የወንዝ ባክቴሪያ የመላመድ ዘር ጎተራ ሊሆን ይችላል። የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያዎችም የተሠሩት ቆሻሻን እንጂ መድኃኒትን ለማስወገድ አይደለም። ከሰውና ከሆስፒታል የመጣ ጀርም፣ መድኃኒትና ብዙ ምግብ እዚያ በአንድ ገንዳ ይገናኛሉ።

ከሁሉ የከፋው ግን ከመድኃኒት ፋብሪካ የሚወጣው ፍሳሽ ነው። ሕንድ ውስጥ፣ ሃይደራባድ አጠገብ ፓታንቼሩ የሚባል ቦታ አለ። 90 ያህል የመድኃኒት አምራቾች ፍሳሻቸውን ወደ አንድ ማጣሪያ ይልኩ ነበር። የጎተንበርግ ዩኒቨርሲቲው ዮአኪም ላርሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ ከማጣሪያው በወጣው ውኃ ውስጥ በሊትር እስከ 31 ሚሊግራም ሲፕሮፍሎክሳሲን ለኩ። ይህ መድኃኒቱን እየወሰደ ባለ ሕመምተኛ ደም ውስጥ ከሚገኘው ይበልጣል። በቀን የሚፈሰው ወደ 45 ኪሎግራም ተገመተ። በ500 ሚሊግራም ክኒን ቢመነዘር 90,000 ክኒን ነው፤ ያኔ 9 ሚሊዮን ሕዝብ የነበራት ስዊድን በ5 ቀን የምትጠቀመውን ያህል።

እኛም ከዚህ ሩቅ አይደለንም። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ፣ በ104 አገሮች 258 ወንዞችን የዳሰሰ ጥናት፣ በጠቅላላ የመድኃኒት ክምችት አማካይ ላሆርና ላ ፓዝን አስከትሎ ሦስተኛ ያስቀመጠው አዲስ አበባን ነው፤ በሊትር 51 ማይክሮግራም ገደማ። ድምሩ አንቲባዮቲክ ብቻ አይደለም፤ ሌሎች መድኃኒቶችንም ይጨምራል። ቢሆንም መንገዱ አንድ ነው፤ ሌላው መድኃኒት ወንዝ በደረሰበት አንቲባዮቲኩም ይደርሳል። በአቃቂ ወንዝ ውኃ ደግሞ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ይለማል፤ ገበያ ወጥቶም ገበታችን ላይ ይቀርባል። እ.ኤ.አ. በ2019 መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ሳቢያ በቀጥታ የሞተው ሰው በዓለም ዙሪያ 1.27 ሚሊዮን እንደሚሆን ተገምቷል። ከእነዚህ ውስጥ ክኒኑን ያለ አግባብ ያልወሰዱ ሰዎችና ገና የተወለዱ ሕፃናትም አሉ።

መፍትሔው ከቤት ይጀምራል፤ ቤት ውስጥ ግን አያልቅም። አንቲባዮቲክ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትግዙ፤ የተረፈውን ሽንት ቤት አትጣሉ። ጎመንና ቆስጣን በደንብ አብስሉ፤ እሳት ባክቴሪያውን ይገድላል። በጥሬው የሚበላው ሰላጣ ግን የበቀለበትን ውኃ ጠይቁ። ትልቁ ሥራ የፋብሪካውና የሆስፒታሉ ነው። ኦዞንና አክቲቬትድ ካርቦን አብዛኛውን መድኃኒት ከፍሳሽ ውስጥ ማስወገድ ይችላሉ። የዓለም ጤና ድርጅትም በመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ለአንቲባዮቲክ አምራቾች የፍሳሽ መመሪያ አውጥቷል። መድኃኒት የሚገዛ መንግሥትና ሆስፒታል በጨረታው ላይ ዋጋን ብቻ ሳይሆን “ፍሳሻችሁ የት ይሄዳል?” የሚለውንም መጠየቅ አለበት።